አምስት ጭረት በሄሮኑ ላይ

ዋረን ፕሬንቲስን ወድቆ ያገኘችው ለማኅበርተኛው ምሳ ፒሮጊ የሚባለውን የፖላንዶች የሊጥ ምግብ ልትቀቅል በማለዳ የገባችው የአዳራሹ ምግብ አብሳይ ነበረች። መጀመሪያ ያየችው ጓንቱን ነው። ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠለቁ ሁለት እጆች ከጠረጴዛው ጀርባ መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ሰውዬው እንደ ልማዱ የወደቀች ብሎን የሚፈልግ መስሏት «ደህና አደሩ» ብላው አለፈች። ስትመለስም እንደተኛ ነው።

መርማሪ ኮሌት ቴትሮ ስትደርስ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሟቹ ጭንቅላቱ ከግድግዳው የብረት ማሞቂያ ሥር፣ ፊቱ ወደ ጣሪያ ነበር። የማሞቂያው ማዕዘን ላይ ደምና ሽበት አለ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ወዲያው ነው የሞተው፤ ትናንት አመሻሽ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ» አላት።

በግሬንጀር ፎልስ ሚያዝያ በገባ ቁጥር ይህን የፖላንዳውያን አርበኞች አዳራሽ የሄሮን ወዳጆች ይይዙታል። ሄሮን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው፤ ምላጩ አንዴ ሲሳብ ራሱ መዶሻውን የሚያነሳ፣ ራሱ ስድስቱን ጥይት የሚይዘውን ከበሮ የሚያዞር፣ ራሱ የሚተኩስ። ከወንዙ ማዶ ያለው የዊትኮም ፋብሪካ ሲሠራው ኖሮ ከተዘጋ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተሠራም። ከኦሃዮና ከሞንታና ድረስ እየነዱ የሚመጡት ሽማግሌዎች ሚስቶቻቸውን ሞቴል ጥለው ስለ አንዲት ብሎን አቆራረጥ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ኮሌት ዐርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን በፖሊስነት አሳልፋለች፤ የራሷን ሽጉጥ ግን ከመታጠቅና ከመፍታት በቀር ልብ ብላ አይታው አታውቅም። እነዚህን ሰዎች በየዓመቱ ስታይ ትስቅባቸው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ፣ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ ላይ አንድ ሄሮን ተጋድሟል። ሽጉጡ የሚቀመጥበት የመስታወት ሳጥን በቁልፍ ተከፍቷል፤ ቁልፉም ከሟቹ አንገት አልወጣም። በአዳራሹ ካሉት ሌሎች ሽጉጦች አንድም አልጎደለም።

«ጽዳት ሠራተኛውን ይዘነዋል» አለ ካፒቴን ሃርግሮቭ ከኋላዋ መጥቶ። «ማርከስ ቲል። በዘረፋ ስድስት ዓመት ታስሮ በአመክሮ የወጣ ነው። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። አዳራሹን ዘግቶ የወጣውም እሱ።»

«የተሰረቀ ነገር የለማ፣ ቢል።»

«ደንግጦ ሮጠ ነዋ! ኮሌት፣ ቀላሉን ነገር አታክብጂብኝ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ የአመክሮ ተቆጣጣሪው ይመጣል። ክስ ባንመሠርት እንኳ በዚህ ጥርጣሬ ብቻ የቀረችውን አራት ዓመት ሊጨርስ ይመለሳል።»

ማርከስ ቲልን ጣቢያ አገኘችው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትልልቅ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ሸጉጦ ተቀምጧል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«በመስታወት ማጽጃ። እንፋሎቱ የሽጉጦቹን ቀለም ይበላል አለኝ። ‹ይህን እንፋሎት አታስተንፍሳቸው!› ብሎ ጮኸብኝ። ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ባሰበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማጽጃውን አስቀመጥኩ፣ በውሃ ወለወልኩ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ኮሪደሩን ሳጥብ ጆሮዬ ውስጥ ሙዚቃ ነበር። ስወጣ የአዳራሹ መብራት በርቷል። ሰውዬው ዓርብ ዓርብ ብቻውን ከሽጉጡ ጋር ይቀመጣል፤ ሁሉም ያውቃል። እኔም አልረበሽኩትም፤ የፊቱን በር ቆልፌ ሄድኩ።» ቀና ብሎ አያት። «መርማሪ፣ ልጄን ከመለሱልኝ ገና ሦስት ሳምንት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰኞ ከተመለስኩ ዳግመኛ አይሰጡኝም። ሌላው ቢቀር ይህን ይወቁልኝ።»

ኮሌት አወቀችለት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰኞ ሦስት ሰዓት ከራሷ ላይ አልወረደም።

ከቀትር በኋላ የምርመራ ክፍሉ ውጤት መጣ። ሽጉጡ ላይ አንድም የጣት አሻራ የለም፤ በጥጥ ጨርቅና በሰም ተወልውሏል። የእጀታው እንጨት ከብረቱ በሚገጥምበት ስንጥቅ ውስጥ ግን የሟቹ ደም ተገኘ።

«አየሽ?» አለ ሃርግሮቭ። «አሻራውን አጠፋ።»

«ታዲያ ሳጥኑን ለምን አልጠረገውም? ጠረጴዛውን? በሩንስ? የቲል አሻራ እንደ ጽዳት ሠራተኛ ሁሉም ቦታ አለ። የተጠረገው ሽጉጡ ብቻ ነው፤ ያውም በሰም። አሻራ ለማጥፋት እጅጌ ይበቃ ነበር።»

«ሌላ ምን ይሆናል ታዲያ?»

«አላውቅም» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ወደ አዳራሹ ተመልሳ ዶክተር ሉዊስ ፌራንቴን አስጠራች። ፌራንቴ ከኦሃዮ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ይህን ሽጉጥ፣ ከፋብሪካው የወጣውን የመጨረሻውን ሄሮን፣ እንዲሸጥለት ፕሬንቲስን አሥራ አንድ ዓመት ሲለምን እንደኖረ አገር ያውቃል።

«የሐይቅ ዳር ቤቴን እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ» አለ ሳያፍር። «ሚስቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም፤ እባክዎ አይንገሩብኝ።»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ፒዛ ቤት፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሦስት ሰዓት። አሥራ አንድ ሰው ይመሰክርልዎታል፤ ግማሾቹ አሁንም ተቆጥተውብኛል።»

የማኅበሩ ጸሐፊ ጁን ኦስትራንደር ከአጠገቡ ቆማ ነበር። የእያንዳንዱን ሄሮን ቁጥርና ፎቶግራፍ በመዝገብ የያዘች ቀጭን አሮጊት ናት። «እውነቱን ነው፤ ትናንትም ማታ በዚሁ ሽጉጥ ወሬ ጆሯችንን ሲያደነቁረው አመሸ» አለች። «እኔም እዚያው ነበርኩ።»

ኮሌት ከምርመራ ክፍሉ የመጣውን፣ ጎልቶ የታተመ ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ልትጠይቃቸው ያሰበችው ስለ ሰሙ ነበር፤ ጥያቄውን ግን አልጨረሰችም። ፌራንቴ አፉን በእጁ ያዘ። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ፤ ከዚያ የስድሳ አምስት ዓመቱ ሰውዬ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

«ምን አዩ?»

«አዙረውታል!» አለች ጁን። «ይህ ሽጉጥ ቀለም ከተቀባ ጀምሮ ከበሮው ዞሮ አያውቅም። አንድ ጊዜም! ከበሮው በዞረ ቁጥር ከሥሩ ትንሽ ጥርስ ብቅ ትልና ማረፊያዋ ውስጥ ትገባለች፤ ስትገባ ቀለሙን ትጭረዋለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭረት አልነበረበትም። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔው ራሴ ያነሳሁት ፎቶ ይኸው።»

ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አደረገችላት። የዓርቡ ከበሮ ጥልቅ፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የመብራቱ መልክ እንኳ ሳይሰበር ይታይበታል። በቅዳሜው ላይ ከማረፊያዎቹ ጥግ ጥግ የጸጉር ያህል ቀጭን ጭረቶች አሉ። ኮሌት ቆጠረቻቸው። ማረፊያዎቹ ስድስት፣ ጭረቶቹ አምስት ናቸው።

«ከእናንተ ማን ያዞረዋል?»

«ከእኛ?» ፌራንቴ ዓይኑን ጠረገ። «ከእኛ ማንም! ሊገድሉኝ ቢመጡ ጥይት አጉርሼ አላዞረውም። ልሞት እችላለሁ እንጂ አላዞረውም።»

«ደም የነካውን በሰም መወልወሉስ?»

«እሱን ሁላችንም እናደርገዋለን» አለች ጁን ወዲያው። «ደም ላዩ ላይ ካደረ ቀለሙን ይበላዋል። መጀመሪያ ይጠረጋል።» ያለችው ነገር ዘግይቶ ገባትና አፏን ያዘች። «ሰው እየሞተ ማለቴ አይደለም።»

ኮሌት አላመነቻትም፤ ሰው እየሞተም ቢሆን ከእነዚህ ሰዎች ግማሹ ጨርቅ ፍለጋ እንደሚሮጥ ታያት። «ስለነዚህ ጭረቶች አብልጦ የሚያውቅ ማነው?»

«ካዝ» አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሄደችበት። ካሲሚር ዶምብሮስኪ፣ በከተማው ሁሉ አፍ ካዝ፣ ከአዳራሹ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ብቻውን ይኖራል። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። በዊትኮም ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሽጉጥ አስተካካይ ሆኖ ሠርቷል፤ ካሉት አስተካካዮች በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን የለውም፤ ጆሮው ግማሽ ያህሉን ነው የሚሰማው። በሩን ከፍቶ መታወቂያዋን አየ።

«ግቢ፣ ልጄ። ስጠብቅሽ ነበር።»

ፌራንቴ የደወለለት መሰላት። «ሚስተር ዶምብሮስኪ፣ ስለ አንድ ሽጉጥ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ስለ ሽጉጥ?» አለ ሽማግሌው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። «እሺ። ስለ ሽጉጥ ጠይቂኝ።»

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የራሱን ሄሮን አወጣ፤ ከበሮውን ከፍቶ ባዶነቱን አሳያትና በሁለት እጁ አቀበላት። «ሳቢው።»

«እኔ የሽጉጥ ፍቅር የለብኝም።»

«እሱ ጉዳዩ አይደለም። ዝም ብለሽ በቀስታ ሳቢው።»

ሳበችው። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደችው የራሷ ሽጉጥ ምላጭ ኮምጨጭ ያለ፣ የሚንገራገጭ ነው። ይህ ግን ከየት ጀምሮ የት እንደጨረሰ አልታወቃትም። መዶሻው ተነሳ፣ ከበሮው ዞረ፣ ጥርሷ ማረፊያዋ ውስጥ ስትገባ አንዲት ትንሽ ድምፅ ተሰማች፤ ከዚያ መዶሻው ወደቀ። ይህ ሁሉ ብረት ነው ብሎ ማመን ቸገራት። ደግማ ሳበችው። ሦስተኛ ስትስበው ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነው። እጇ ላይ ያለውን ነገር ቀና አድርጋ ስታየው እውነትም ልቧ ተነካ፤ በየሚያዝያው የሳቀችባቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ በልቧ ይቅርታ ጠየቀች።

«ይህን በእጅ ነው የሠራችሁት?»

«በሞረድ። ማሽኑ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣዋል፤ አንድ ዓይነት ግን የለም። ስድስቱን የጥይት ቤት አንድ በአንድ ነው የምታስተካክይው። አንዴ ትሞርጃለሽ፣ ትስቢያለሽ፣ ታዳምጫለሽ። በዛ ብለሽ ከሞረድሽ አለቀ፤ ከበሮው ይጣላል። እኔ በቀን አራት እጨርስ ነበር። አባቴ ሦስት፤ የሱ ግን ከኔ ይበልጥ ነበር።»

ፎቶግራፉን ሰጠችው። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉትን ዓይነት መነጽር አድርጎ ጎነበሰ።

«ጭረቷ ስትረዝም ጥርሷ ቸኩላለች ማለት ነው፤ ከበሮውን ዙሪያውን ትቧጭረዋለች። ጭርሱን ከሌለች ዘግይታለች፤ ማረፊያዋን ትስታለች። እዚህ ግን…» ጣቱን ከአንዱ ወደ አንዱ አሻገረ። «አጭር። አጭር። አጭር። አምስቱም ልክ ናቸው።» መነጽሩን ሲያወልቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ለምን አምስት ብቻ? ስድስት ማረፊያ አለ።»

«አልተዞረችማ፣ ስድስተኛዋ።»

ኮሌት አመስግና ወጣች። የመኪናዋን በር ከፍታ ቆመች። ማርከስ ቲል ሊያዞረው ይችል ነበር፤ ወንድ ሁሉ ሽጉጥ ካገኘ ምላጭ ይስባል። ነገር ግን ደሙን በሰም አይወለውለውም ነበር፤ ማጽጃ እንኳ እንደሚጎዳው አያውቅም። ፌራንቴና ጓደኞቹ ይወለውሉት ነበር፤ ቢሞቱ ግን አያዞሩትም። አዙሮም የወለወለው ሰው ሽጉጡን እንደ ነፍሱ የሚወድ፣ ሳይነካ መቀመጡ ግን ደንታ ያልሰጠው ሰው ነው። አንዱን ቤት አዙሮ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ የሚያዳምጠው ነገር ያለው ሰው ነው። የመኪናውን በር ሳትዘጋ ተመለሰች።

ካዝ ከተወችው ወንበር አልተነሳም። ኮፍያውን ግን አድርጓል።

«ሚስተር ዶምብሮስኪ፣ ማርከስ ቲል የሚባል ሰው በዚህ ጉዳይ ታስሯል።»

«ማን?»

ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ። ነገ ጠዋት ወደ እስር ቤት ይመልሱታል። አራት ዓመት። ትንሽ ልጅ አለችው።»

«ያ ረጅሙ? ‹አባባ በረዶው ያዳልጣል› ብሎ ክንዴን የሚይዘኝ?» ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፎ ብድግ አለ። «በምን ምክንያት? እኔ እኮ አለሁ! ከዓርብ ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ ስጠብቃችሁ ነበር። አንቺም መጣሽ፤ መጥተሽ ስለ ሽጉጡ ጠየቅሽኝ፤ ስለ ሽጉጡ መለስኩልሽ። ስለ ሰውዬው ማን ጠየቀኝ? ካፖርቴን አቀብይኝ።»

መብቱን ነገረችው። እጁን እያወናጨፈ አስቆማት፤ እጅጌውን ፍለጋ እየታገለ ተረከላት።

«ፋብሪካው የሚዘጋ ዕለት የመጨረሻው ሄሮን እኔ እጅ ላይ ነበር። አምስቱን ቤት አስተካክዬ ስድስተኛዋን ልጀምር ስል ጥሩምባው ጮኸ። አለቃው ‹ነገ ጋዜጠኞች አሉ› ብሎ ከእጄ ነጥቆ ቀለም ቤት ወሰደው። ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ሲላቀስ እኔ ባዶ እጄን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ ፕሬንቲስ ገዛው። በየዓመቱ እለምነዋለሁ፤ አንዴ ልሳበው፣ ትክክል መሆኗን ልወቅ። በየዓመቱ እምቢ። ዘንድሮ ሐኪሜ ልብህ ለሚቀጥለው ሚያዝያ አያደርስህም አለኝ። ዓርብ በወጥ ቤቱ በር ገባሁ፤ ያ በር ዐርባ ዓመት ሙሉ ተቆልፎ አያውቅም። ሳጥኑን ከፈተልኝ፤ እንዳይ ብቻ። እኔ አነሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከበሮውን ከፍቼ ያልጨረስኳት ቤት መጨረሻ ላይ እንድትሆን አድርጌ ገጠምኩት፤ ፈርቻታለሁ። ሳብኩ። አምስት ጊዜ። ፕሬንቲስ ጮኸ፤ እጄን ያዘኝ። እኔም ክርኔን ወረወርኩ። ይኸው ነው። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰው ገፍቼ እጥላለሁ ብዬ መች አሰብኩ? ጭንቅላቱን ላቀና ስል ደሙ ሽጉጡ ላይ ፈሰሰ። ሞቷል። እጄ ራሱ ወደ ሰሙ ሄደ፣ ልጄ። እግዜር ይይልኝ፣ ወለወልኩት።»

ኮሌት ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች። እንደዚህ ያሳዘናትም፣ እንደዚህ ያስደነቃትም ግን አልነበረም። ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደችው።

ማርከስ ቲል ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተፈታ። የአመክሮ ተቆጣጣሪው ሲደርስ የሚወስደው ሰው አላገኘም። ቲል ግን ወዲያው አልሄደም፤ በጣቢያው ሽማግሌው በታሰረበት ክፍል በር ላይ ቆመ። «አባባ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ ቀስ ብለው ይርገጡ» አለና ወደ ልጁ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ኮሌት ወደ እስር ቤቱ መጠየቂያ ክፍል ገባች። ካዝ ተላጭቶ፣ የእስረኛ ልብስ ሰፍቶት ተቀምጧል። ከሰላምታ በፊት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት፤ ምን እንደሚጠብቅ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሕጉ ማስረጃ የሆነ ሽጉጥ ሁሉ ይፈተሽ ይላል» አለችው ጮክ ብላ። «ትናንት ባለሙያው ስድስቱንም ሳበው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ጆሮዬን አስጠግቼ። አምስቱን ሰማሁ። ስድስተኛዋን ሲስብ ከእነሱ ለይቼ ላውቃት አልቻልኩም። በኋላም በአጉሊ መነጽር አየነው። ጭረቷ አጭር ናት። እንደ ሌሎቹ ናት፣ ሚስተር ዶምብሮስኪ። ልክ ናት።»

«ልክ ናት» አለ።

«ልክ ናት።»

ፊቱ በራ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከመው ነገር ከትከሻው ሲወርድ በዓይኗ አየችው፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ፊት አይታ አታውቅም። ወዲያው ግን ያው ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። እጆቹን ከጠረጴዛው አንስቶ ጉያው ውስጥ ከተታቸው።

«ዋረን ነግሮኝ ነበር» አለ። «ዓርብ ዕለት። ‹አንተ የሠራኸው ነው ካዝ፣ ሳልስበው አውቃለሁ፣ ልክ ነች› አለኝ። እኔ ነኝ ያላመንኩት።»